ቱቦው የሚዝገው ከውስጥ ነው

አሶሳ ላይ የቆርቆሮ ማድ ቤቶችን ጣሪያ ቀና ብሎ ለተመለከተ፣ ከጭስ ማውጫው ሥር ተነሥቶ ቁልቁል የወረደ ቡናማ መስመር እንግዳ አይሆንበትም። ባለቤቱን ብትጠይቁ ብዙውን ጊዜ «ዝናቡ በላው» ይላችኋል። ዝናቡ በእርግጥ ድርሻ አለው። ቱቦውን አውልቆ ለሁለት የሰነጠቀ ሰው ግን ሌላ ነገር ያያል፤ ከውጭ ገና የሚያብረቀርቀው ላሜራ ከውስጥ ተቀርፎ፣ በጣት ሲነካ ይረግፋል። ይህ ማብራሪያ ያ ለምን እንደሚሆን፣ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክረምት ለምን እንደሚፈጥንና ቱቦው ዕድሜ እንዲያገኝ ምን ማድረግ እንደሚቻል ይናገራል።

ቱቦ ሲበሳ የሚከስረው ኪስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጻፍኩ። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በ2020 እ.ኤ.አ. ከቤት ውስጥ ጭስ ጋር በተያያዘ በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ሰው ሞቷል። በኢትዮጵያ በ2016 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ደግሞ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ቤተሰብ የሚያበስለው በእንጨት፣ በከሰልና በመሰል ማገዶ መሆኑን አሳይቷል። የሕዳሴው ግድብ እዚሁ ክልል፣ ጉባ ላይ ተሠርቶ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመርቋል። ማድ ቤቶቻችን ግን ገና ከእንጨት አልተላቀቁም፤ እስኪላቀቁ ድረስ ጭሱን ከእናቶችና ከሕፃናት ሳንባ የሚያርቀው ይህ ቀጭን ቱቦ ነው።

ሚስማርና አራት ብርጭቆ

ዝገት እንዲፈጠር ብረት፣ ውሃና ኦክስጅን መገናኘት አለባቸው። አንዱ ከጎደለ ዝገት የለም። ይህን ለማየት ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። አንድ ሚስማር ደረቅ ብርጭቆ ውስጥ አስቀምጣችሁ ክደኑት። ሁለተኛውን ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ አጥልቃችሁ ላዩ ላይ ዘይት አፍስሱበት፤ መፍላቱ በውሃው ውስጥ የሟሟውን አየር ያስወጣዋል፣ ዘይቱ ደግሞ አዲስ አየር እንዳይገባ ይከለክላል። ሦስተኛውን ተራ ውሃ ውስጥ ግማሹን ብቻ ንከሩት። አራተኛውንም እንደ ሦስተኛው አድርጉትና ጥቂት ኮምጣጤ ጨምሩበት።

በሳምንቱ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሚስማሮች እንዳሉ ናቸው ማለት ይቻላል። ሦስተኛው ቡናማ ሆኗል። ከሁሉም የከፋው አራተኛው ነው። አራተኛውን ብርጭቆ ልብ በሉት፤ የጭስ ማውጫ ቱቦ ኑሮው እዚያ ብርጭቆ ውስጥ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። አሉሚኒየምም ከአየር ጋር ሲገናኝ ይለወጣል፤ በላዩ ላይ የሚፈጠረው ስስ ሽፋን ግን ጥብቅ ስለሆነ ከሥሩ ያለውን ይጠብቀዋል። የብረት ዝገት እንዲህ አይደለም። ከተነሣበት ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ይነፋል፣ ይሰነጠቃል፣ ይቀረፋል፤ ሥር ያለው ብረትም እንደገና ለአየርና ለውሃ ይጋለጣል። ዝገት ከጀመረ በራሱ የማይቆመው ለዚህ ነው።

አንድ ጋገራ ስንት ሊትር ውሃ ያወጣል?

እንጨት ሲነድ ውሃ ይፈጠራል። ተማሪዎች ይህን ሲሰሙ መጀመሪያ አያምኑም፤ ውሃን የሚያውቁት እሳት ማጥፊያ አድርገው ነውና። እንጨት ውስጥ ግን ሃይድሮጅን አለ፤ ከደረቅ ክብደቱ 6 በመቶ ገደማ ይሆናል። ሃይድሮጅን ሲነድ ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ውሃ ይሆናል፤ 1 ግራሙ 9 ግራም ውሃ ይወጣዋል። ስለዚህ ፍጹም ደረቅ የሆነ 1 ኪሎ እንጨት እንኳ ከግማሽ ሊትር የሚበልጥ ውሃ በእንፋሎት መልክ ወደ ቱቦው ይልካል።

አሁን በክረምት ከጫካ የመጣ እርጥብ እንጨት እንውሰድ። ከክብደቱ 40 በመቶው ውሃ ነው እንበል። ከ10 ኪሎው ውስጥ 4 ሊትሩ አስቀድሞ በእንጨቱ ውስጥ የነበረ ውሃ ነው። የቀረው 6 ኪሎ ደረቅ እንጨት ሲነድ ደግሞ 3 ሊትር ከሩብ ገደማ አዲስ ውሃ ይፈጠራል። ድምሩ ከ7 ሊትር ያልፋል፤ ሁሉም በዚያች ጠባብ ቱቦ ነው የሚወጣው። እንጨቱ ወራት ተከምሮ እርጥበቱ ወደ 15 በመቶ ቢወርድ ኖሮ ለዚያው እሳት 7 ኪሎ በበቃ ነበር፤ ውሃውም ወደ 4 ሊትር ዝቅ ይል ነበር። ልዩነቱ 3 ሊትር ነው፤ በየጋገራው።

እንፋሎት ብረትን ብዙም አይጎዳም። ጉዳቱ የሚጀምረው ወደ ውሃነት ሲመለስ ነው። የቱቦው ግድግዳ ወደ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲወርድ እንፋሎቱ ጠል ሆኖ ይለጠፍበታል። እንጀራ ስትጋግሩ አክንባሎው ሲነሣ ከውስጡ የሚንጠባጠበውን ውሃ አስቡ፤ ቱቦው ውስጥም የሚሆነው ያው ነው። የቱቦው ውሃ ግን ንጹሕ አይደለም። ከእንጨት ጭስ ጋር አሴቲክ አሲድና ፎርሚክ አሲድ ይወጣሉ፤ አሴቲክ አሲድ ኮምጣጤን ኮምጣጤ የሚያሰኘው ነው። ከእነርሱ ጋር ደግሞ ቅጥራን አለ፤ እርሱ ከውሃው ቀድሞ፣ ቱቦው ከ120 ዲግሪ በታች ሲቀዘቅዝ ጀምሮ ይለጠፋል። ከመገጣጠሚያው የሚንጠባጠበው፣ ግድግዳ ላይ የማይለቅ ነጠብጣብ የሚተወው ጥቁር ቡናማ ፈሳሽ የእነዚህ ሁሉ ድብልቅ ነው።

እሳቱ ቦግ ብሎ ሲነድ ቱቦው ይግላል፤ ጭሱም ሳይቀዘቅዝ ይወጣል። ቱቦው የሚጎዳው እሳቱ ሲለኮስና ሲሞት፣ ወይም እርጥብ እንጨት ቀኑን ሙሉ ሲጨስ ነው። እሳቱ ከጠፋም በኋላ ሥራው አያልቅም። በጎሚቶው (በቱቦው መታጠፊያ) ላይ የተጠራቀመው ጥቀርሻና አመድ የፖታሲየም ጨዎችን ይዟል፤ እነዚህ ጨዎች ከአየር እርጥበት ይስባሉ፤ ሌሊቱንም ላሜራውን እርጥብ አድርገው ያቆዩታል። ቱቦው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚበሳው ጎሚቶው ላይ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም።

የአሶሳ ክረምት

አሶሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,570 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ዝናብ ታገኛለች። ዝናቡ በአብዛኛው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ስድስት ወር ያህል እንጨቱ እርጥብ፣ አየሩ እርጥብ፣ ከጣሪያ በላይ ያለው ቱቦ ደግሞ በዝናብ የቀዘቀዘ ነው ማለት ነው። በሩም መስኮቱም ይዘጋል።

ማገዶ ቅርብ በሆነበት አገር አስቀድሞ የመከመር ልማድ ይላላል። ጫካው እዚያው ነው፤ ሲያስፈልግ ይመጣል። በበጋ ይህ አይጎዳም፤ በሐምሌ ግን የመጣው እንጨት ውሃ እንደጠገበ ምድጃ ይገባል። ክልሉ በሰፊው የሚያበቅለው የቆላ ቀርከሃም ማገዶ ይሆናል። ቀርከሃ ለብቻው ሊታሰብበት ይገባል፤ አንጓዎቹ ዝግ ስለሆኑ ውስጡ በቀላሉ አይደርቅም፤ ሳይሰነጠቅ እሳት ውስጥ ከገባም አየርና እንፋሎት ታፍኖበት በኃይል ይፈነዳል። ሰንጥቃችሁ አድርቁት። ሥራው በጥር ወይም በየካቲት ቢጀመር፣ ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ ተከምሮ፣ ከላይ ተሸፍኖ ጎኑ ለነፋስ ቢተው እስከ ግንቦት በሚገባ ይደርቃል። ሸራ ጠቅልሎ እስከ መሬት መሸፈን ግን እርጥበቱን እንደ ማፈን ነው።

የምርጥ ምድጃን ታሪክ እዚህ ላይ ማንሣት ተገቢ ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ በአገራችን የኢነርጂ ጥናት ባለሙያዎች የተሠራው ይህ የሲሚንቶ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የጋገራ ማገዶን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ሲጀመር ቱቦ አልነበረውም፤ ቱቦ የሚቀበሉት ዓይነቶች የመጡት ኋላ ነው። ማገዶ የሚቆጥብ ምድጃ ሙቀቱን ለምጣዱ ስለሚሰጥ ወደ ቱቦው የሚሄደው ጭስ ከድሮው ይልቅ ቀዝቃዛ ነው። ለኪስም ለጫካም መልካም ነው፤ ለላሜራው ግን ጠሉን ያበዛበታል። ስለዚህ የተሻሻለ ምድጃ ያለው ቤት ደረቅ እንጨት የበለጠ ያስፈልገዋል።

ነጩ ልባስ ለምን አይበቃም?

ጭስ ማውጫ የሚሠራበት ላሜራ ብዙውን ጊዜ ዚንክ የተቀባ፣ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ የሚያብረቀርቅ ነው። ብረትን የቀለጠ ዚንክ ውስጥ ነክሮ የመልበስ ዘዴ በፈረንሳይ በ1837 እ.ኤ.አ. በስታኒስላስ ሶሬል ስም ተመዝግቧል። ዚንክ ብረቱን የሚጠብቀው ራሱን አሳልፎ በመስጠት ነው፤ ልባሱ ቢጫር እንኳ በአካባቢው ያለው ዚንክ ቀድሞ ይበላና ብረቱን ያተርፋል። ጣሪያ ላይ ይህ ለብዙ ዓመት ይሠራል።

ቱቦ ውስጥ ግን ዚንክን የሚጠሉ ሁለት ነገሮች ይጠብቁታል። አንደኛው አሲድ ነው፤ ዚንክ አሲድ ውስጥ ቶሎ ይሟሟል። ሁለተኛው ሙቀት ነው፤ ላሜራው ለረጅም ጊዜ ከ200 ዲግሪ በላይ ሲግል ልባሱ ከብረቱ መለየት ይጀምራል። ከምድጃው አፍ አጠገብ ያለው ክፍል በሙቀት ይላጣል፣ ጣሪያው አካባቢ ያለው በአሲድ ይሟሟል። ከውጭ በኩል ልባሱ ስለሚተርፍ ባለቤቱ አዲስ ነው ብሎ ያምናል።

ላሜራ ስትገዙ ጌጁን ጠይቁ። የጌጅ ቁጥር ሲያንስ ላሜራው ይወፍራል፤ 28 ጌጅ ከ32 ጌጅ ይወፍራል። በገበያ ርካሹ ቀጭኑ ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን ወፍራሙ ይመከራል፤ ዝገቱ ሊበላው የሚገባ ብዙ ብረት ይኖራልና። አይዝጌ ብረት የተሻለ ነው፤ ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም ስለያዘ ላዩ ላይ ጥብቅ ሽፋን ያበጃል። ዋጋው ለአብዛኛው ቤት የሚቀመስ አይደለም። ለትምህርት ቤት የምገባ ማድ ቤት ወይም ለዳቦ ቤት ግን ሊታሰብ ይገባዋል።

ለበያጆች አንድ ቃል፦ ዚንክ የተቀባ ብረት በዝግ ቤት አትበይዱ። ነጩ ጭስ ከሰዓታት በኋላ ብርድ ብርድ የሚያሰኝ ትኩሳት ያመጣል። ወተት መጠጣት ጭሱ ወደ ሳንባ እንዳይገባ አያደርግም፤ ልባሱን መፋቅና ነፋስ ያለበት ቦታ መሥራት ነው የሚሻለው።

አገጣጠም

ጣሪያ የሚያለብስ ሰው የላይኛውን ቆርቆሮ በታችኛው ላይ ይደርባል፤ ዝናብ በላዩ እንዲወርድ። ብዙ ቱቦዎችም በዚሁ ልማድ ይገጠማሉ፤ የላይኛው ቱቦ የታችኛውን ከውጭ ያለብሰዋል። ለጭስ ማውጫ ይህ ትክክል አይደለም። ከውስጥ የሚወርደው ጥቁር ውሃ በመገጣጠሚያው ወጥቶ የቱቦውን ውጭ፣ ግድግዳውንና ጣሪያውን ይበላል። የላይኛው ቱቦ ጠበብ ያለው ጫፉ ወደ ታች ሆኖ ታችኛው ውስጥ መግባት አለበት፤ ያኔ ጠሉ ከቱቦው ሳይወጣ ወደ ምድጃው ይመለሳል፣ እሳቱም ያተንነዋል። «ዝናብስ?» ለሚል መልሱ ቀላል ነው፤ ከጣሪያ በላይ መገጣጠሚያ አታድርጉ፤ ያ ክፍል አንድ ወጥ ቱቦ ይሁን።

ጫፉ ላይ ቆብ ይደረግበት፤ ጭሱ እንዳይታፈን ግን በቱቦው አፍና በቆቡ መካከል በቂ ክፍተት ይተው። ቱቦው በተቻለ መጠን ቀጥ ይበል። ጎሚቶ ግድ ከሆነ ሊከፈትና ሊጠረግ የሚችል ይሁን። ጫፉ በ3 ሜትር ዙሪያ ካለው ከማንኛውም የጣሪያ ክፍል ቢያንስ በ60 ሴንቲ ሜትር ከፍ ቢል ነፋስ ጭሱን አይመልሰውም።

በቱቦው ውጭ ላይ የተቃጠለ ዘይት ወይም ሬንጅ መቀባት ይቅር። ለአጥር ብረት ይሆናል፤ ለጋለ ቱቦ ግን ማገዶ ነው። የፒቪሲ ቁራጭ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስና አሮጌ የፕላስቲክ ጫማ እሳት ውስጥ አትጣሉ። ፒቪሲ ሲቃጠል ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይወጣዋል፤ ብረትን ከጭሱ አሲድ በባሰ ፍጥነት ይበላል፣ ለሚተነፍሰውም ሰው መርዝ ነው።

ቀዳዳው እሳቱ ሲነድ ዝም ይላል

ከዚህ ማብራሪያ አንድ ክፍል ብቻ ለማንበብ ጊዜ ያለው ሰው ይህን ቢያነብ ደስ ይለኛል።

የጋለ ጭስ ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ሲፈስ ቱቦው አየር ይስባል። ስለዚህ ቱቦው ቢበሳም እሳቱ በርትቶ ሲነድ በቀዳዳው ጭስ አይወጣም፤ የቤቱ ቀዝቃዛ አየር ነው ወደ ውስጥ የሚገባው። ጋጋሪዋ ጭስ ስለማታይ ቱቦው ደህና ነው ብላ ታምናለች። የገባው ቀዝቃዛ አየር ግን ጭሱን ያቀዘቅዘዋል፤ ጠሉ ይበዛል፤ ዝገቱ ይፈጥናል፤ ቀዳዳው ይሰፋል።

እሳቱ ወደ ፍም ሲወርድ ደግሞ ስበቱ ይደክማል። ያኔ ከፍሙ የሚነሣው ጋዝ በቀዳዳው መውጣት ይጀምራል፤ ያ ጊዜ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚበዛበት ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ፍም ዓይን አያቃጥልም፤ ሰውም ስላልጨሰ ምንም የለም ብሎ በር ዘግቶ ይተኛል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና መፍዘዝ ከአንድ ሰው በላይ በአንድ ቤት ውስጥ አብረው ከታዩ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ወዲያው ወደ ውጭ ውጡና ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ክረምት ላይ ለሙቀት ሲባል ምድጃ ባለበት ክፍል ሕፃናትን ማስተኛት ቱቦው የተበሳ ቤት ውስጥ እጅግ አደገኛ ነው።

የሣር ጣሪያ

በክልሉ ገጠር ቤቶች በቀርከሃ ተሠርተው ሣር ይለብሳሉ። ነጠላ ላሜራ ቱቦ ከሚነድ ነገር 45 ሴንቲ ሜትር መራቅ አለበት፤ በሣር ጣሪያ መካከል አልፎ ይህን ርቀት መጠበቅ ደግሞ ከባድ ነው። ቱቦው ጤነኛ ሳለ እንኳ እንዲህ ነው። ሲበሳ ብልጭታው በቀጥታ ሣሩ ውስጥ ይገባል። ቅጥራኑ ቱቦው ውስጥ በእሳት ከተያያዘ ደግሞ የሳሳው ላሜራ አይችለውም።

የሚሻለው ቱቦውን በግድግዳው አውጥቶ ከቤቱ ውጭ፣ ከክፈፉ ራቅ አድርጎ ማቆም ነው። ጭቃው ሥር ያለው ቀርከሃም ይነዳልና በሚያልፍበት ቦታ ቀርከሃው ሰፋ ተደርጎ ተቆርጦ በወፍራም ጭቃ ወይም በሸክላ ይሞላ። ይህ መፍትሔ ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ ውጭ የቆመ ቱቦ ስለሚቀዘቅዝ ብዙ ጠል ይሠራል። ስለዚህ ከሥሩ የሚከፈት ክዳን ይኑረው፤ ውሃውና ጥቀርሻው በየጊዜው ይውጣበት። በእኔ እምነት ሣር ቤት ላይ ቶሎ የሚዝግ ቱቦ ውጭ ማቆም ዘግይቶ የሚዝገውን በሣር መካከል ከማሳለፍ ይሻላል።

በሚያዝያ የሚደረግ ምርመራ

ዝናቡ ሳይገባ፣ ምድጃው በቀዘቀዘበት ቀን ቱቦውን ከታች ጀምራችሁ በጣት አንኳኩት። ጤነኛ ላሜራ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ዝገት የበላው ወይም ጥቀርሻ የሞላው የታፈነ ድምፅ ያሰማል። ጎሚቶውንና መገጣጠሚያውን በአውራ ጣት ጫን በሉ፤ ከሰረጎደ መቀየር አለበት። አንድ ሰው በጨለማ ውስጥ ሆኖ ሌላው በቱቦው ውስጥ ባትሪ ቢያበራ ዓይን የማይለየው ቀዳዳ ሁሉ ብርሃን ያወጣል። ጣሪያው ላይ ቱቦው የሚያልፍበትን ቦታም እዩ፤ ጥቁሩ ውሃ በቆርቆሮው ላይ ከፈሰሰ የቆርቆሮውንም ዚንክ ይበላዋል፤ ማድ ቤቱ ማፍሰስ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ጥቀርሻውን በረጅም ዘንግ ጫፍ በታሰረ ሻካራ ብሩሽ ጥረጉ፤ አፍና አፍንጫ ተሸፍኖ። በክረምት በየወሩ፣ በበጋ አለፍ አለፍ እያለ ቢጠረግ ይበቃል። ለረጅም ጊዜ የማይነድ ምድጃ ካለ ከመዘጋቱ በፊት ቱቦው ይጠረግ፤ ጥቀርሻ ይዞ የከረመ ቱቦ በየቀኑ ከሚሠራበት ይልቅ ቶሎ ይበሳል።

ሸክላና ጡብ

የተተኮሰ ሸክላ አይዝግም። በክልሉ ውስጥ ሸክላ የሚሠሩ ሴቶች አሉ፤ ጋንና ማሰሮ የሚሠራ እጅ አንዱ ሌላው ውስጥ የሚገባ አጫጭር የሸክላ ቱቦ መሥራት አይሳነውም። ሸክላ በድንገት ሲግል ሊሰነጠቅ ስለሚችል ከምድጃው አፍ አጠገብ ያለው ክፍል ወፍራም ላሜራ ሆኖ ከዚያ በላይ ሸክላ ቢሆን ይመረጣል፤ ክብደቱንም ግድግዳው ላይ የሚሸከም ማሰሪያ ያስፈልገዋል። የጡብ ጭስ ማውጫ ከሁሉም ይቆያል፤ የራሱ መሠረት ግን ይፈልጋል፤ አሲዱም ሲሚንቶውን ቀስ በቀስ ስለሚበላው መጋጠሚያው በየጥቂት ዓመቱ መታየት አለበት።

ዘንድሮ ገንዘብ ያነሰው ቤተሰብ ሙሉውን ቱቦ መግዛት አይጠበቅበትም። ጎሚቶውንና ከእርሱ በላይ ያለውን አንድ ክፍል በ28 ጌጅ ቀይሮ፣ ቆብ አድርጎ፣ መገጣጠሚያውን ወደ ውስጥ አዙሮ ቢጀምር የተረፈው ብር ለአንድ ጋሪ ደረቅ እንጨት ይሆነዋል። እንጨቱ ከግንቦት በፊት ተሰንጥቆ ርብራብ ላይ ይውጣ።